የተሸፈነው ግድግዳ

ግባ ኸጣብ። በሩን መለስ አድርገው፣ ኤሲው ለሁለታችን እንኳ አይበቃም። አባትህ ደህና ናቸው? አሁንም ኮበር ከተማ ውስጥ ነው መኪና የሚነዱት? አልሐምዱሊላህ። ቁጭ በል፣ ሻይ አለ።

ለትምህርትህ ስለ ስደታችን የምትሠራው ፊልምስ? ቀረጻው አልቆ የማቀናበሪያ ሶፍትዌር መምረጥ ብቻ ቀረኝ ብለሃል። እኔ የመጋዘን ሠራተኛ ነኝ፣ ስለ ሶፍትዌር ምን አውቃለሁ? ከጠየቅከኝ አይቀር ግን…

ያ ባለሙያ ወዳጃችን፣ ስልክህ ላይ ያለችውን የልጅ መጫወቻ ናት ብሎሃል። ልክ ነው። የእሱ ትልቁ ነው። አል ሒዛም አል-አኽደር ሰፈር ያለው ክፍሉ ገብቼ አይቻለሁ፤ ስክሪኑ ከፍራሼ ይሰፋል። ፕሮግራሙን ያለ ፈቃድ ነው የጫነው። ፕሮግራሙ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለውም ማለት ነው… እንደ እኔ። ኢቃማ ለሌለው እንዲህ ቦታ የሚሰጥ ሰው የት ይገኛል?

ቀረጻውን በሙሉ ስጠኝና ኸላስ፣ አበቃ፣ በሁለት ቀን እጨርስልሃለሁ ብሎሃል። ደግ ነው። ስሙ መጀመሪያ ላይ በትልቁ ይጻፍ እንጂ ለራሱ ምን ይፈልጋል?

ለናሙና የሠራውን አየሁት። ካፊሌ፣ አሠሪዬ፣ ሁሩብ ብሎ፣ ጠፍቶብኛል ብሎ አመልክቶብኛል፣ ፊልሙ ከስልክ ስልክ ይዞራል፣ ፊቴን ካየ አለቀልኝ፣ አደራ ብዬህ ነበር። አደራዬን ነግረኸዋል፣ እሱም አክብሮታል። ቁጭ ብዬ ሳወራ ፊቴ ላይ ጭጋግ አድርጎበታል፣ እናቴ እንኳ አትለየኝም። ከዚያ ሻይ ልቀዳ ተነሳሁ። ጭጋጉ እዚያው ቀረ። እኔ ከነጠባሳዬ ማንቆርቆሪያው ጋ ቆሜያለሁ፣ ግድግዳው ተሸፍኗል። አራት ደቂቃ ሙሉ። ያን ግድግዳ አሁን ማን ያውቀዋል?

አንተ፣ "ጭጋጉ ከሰውየው ጋር አብሮ መሄድ ነበረበት" አልከኝ። አብሮ መሄድ… ከባድ ነገር ነው። ሁሉ ሰው አይሆንለትም።

ባለሙያውን ከየመን ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በእግር ስናቋርጥ አብረን ነበርን። አምስት ነበርን፣ ወጣቶች። አንዱ ልጅ እግሩ አብጦ አሸዋው ላይ ተቀመጠ። ሌላ ሰው ቢሆን ያመነታል፣ ያለቅሳል። እሱ "ኸላስ" አለ። አንድ ቃል። የውሃ ጀሪካኑንም ለታመመ ሰው ይከብዳል ብሎ ይዞለት ሄደ። እንዲህ አሳቢ ነው።

ፊልምህ ላይ ይህንኑ ሲተርክ ምን አለ? "አራት ሆነን ተነሳን፣ አራት ሆነን ደረስን።" ዋሸ እንዳትለው። ቆርጦት ነው። ያኔም ያለ ሶፍትዌር ይቆርጥ ነበር።

እግሩ ያበጠው ልጅስ? ምን ይሆናል… ዳነ። መጋዘን ይሠራል። ለእንግዳ ሻይ ይቀዳል።

እንግዲህ ምርጫው ያንተ ነው። በዚያች መጫወቻ፣ ራስህ፣ በጣትህ፣ እኔ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር እየተከተልክ ልትሸፍነኝ ትችላለህ። አድካሚ ነው፣ ሳምንት ይፈጃል። ወይም ቀረጻውን ለባለሙያው ስጠው። ፖሊሶች መጥተው ቢይዙኝ እንኳ ግድግዳዬ ይተርፋል።

የመረጥከውን ስትነግረው ሰላም በልልኝ። ከሶላት በኋላ ዱዓ ሳላደርግለት አልነሳም። አላህ ዕድሜ ከጤና ይስጠው። መንገዱን ያርዝምለት። እግሩ የደከመ ቀንም… ልክ እንደ እሱ ያለ ጓደኛ ከጎኑ አያሳጣው።

አሚን በል እንጂ።