ቀፎ ለማሰር ያቃጠልሁት ገመድ

የማንኪራው ንብ አርቢ ወዳጄ መልካም ሽታ ባለው ቅጠል ያጠነውን አዲስ ቀፎ አመጣልኝ። ዛፍ ላይ የማስርበት የመዳብ ሽቦ እንዲወጣልኝ የተበላሸ ቴሌቪዥን ገመዶችን ከነፕላስቲካቸው ጓሮ ውስጥ አቃጠልሁ። ጥቁሩ ጭስ ቀፎውንም ቤቱንም ሞላው። ወዳጄ በማግስቱ መጥቶ ቀፎውን አሸተተና፣ «ጋሼ፣ እርስዎ እንዲህ የሚሸት ቤት ይገባሉ?» አለኝ። «ሁለት ቀን ቢናፈስ ይለቀዋል» አልሁት፣ ኮራ ብዬ። ወዲያው ባለቤቴን ከውስጥ ሳል ያዛት። እርሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ንቡስ ሌላ ዛፍ አለው፤ እትዬ አስካለ ግን የት ይሂዱልዎ?» አለ።

እርሱ ቀፎውን ዳግም ሊያጥነው ተሸክሞ ሄደ፤ በሐረግ እንደምናስረውም ነገረኝ። እኔ የኮቴን ቁልፎች ቆልፌ ገባሁና ባለቤቴን ይቅርታ ጠየቅኋት። በትዳር ዘመናችን የመጀመሪያዬ ነበርና፣ በሳሏ መሃል እየሳቀች ግንባሬን ዳሰሰችኝ፤ «ምነው፣ አመመህ እንዴ?»