ቤት ያለው ዋስ

— ሄሎ... አቤት፣ የጀይላን ሱቅ ነው። እኔው ነኝ፣ የሺመቤት፣ የፈረንሳይ ለጋሲዮን መረዳጃ ማኅበር ጸሐፊ። የማዘጋጃ ቤቱ አቶ በላይነህ ነዎት? ከጠዋት ጀምሬ ስልኩ ሥር ተቀምጫለሁ።

— እግዚአብሔር ይመስገን። የአዲሶቹ ቤቶች ቁልፎችስ?

— ደግሞ ምን ጎደለ?... ዋስ?

— አቶ በላይነህ፣ መሬቱንና ቆርቆሮውን መንግሥት ሰጠ። እንጨቱን ያወረድነው፣ ጭቃውን ያቦካነው እኛ ነን። አሥራ ሁለቱ ክፍል ካለቀ ወር አለፈው። ቤቱ የተሠራላቸው ሰዎች ግን ዛሬም እንጦጦ ማርያም መቃብር ቤት ነው የሚያድሩት። ሰኔ መግባቱን እርስዎም ያዩታል።

— እሺ፣ እያንዳንዱ ዋስ ያምጣ። ምን ዓይነት ዋስ?... ቤት ያለው?

— ሄሎ፣ ይሰሙኛል? ቤት ያለው ዘመድ ቢኖራቸው መቃብር ቤት ምን ይሠራሉ?

— ደንብ ነው። እሺ፣ ደንብ ነው... ጀይላን፣ ስኳሩን ቆይተህ መዝን፣ አልሰማ አለኝ... እኔ ቤት አለኝ። ለሁሉም ልፈርም።

— አንድ ዋስ ለአንድ ሰው ብቻ? ኧረ አያሳብዱኝ... አልጮህኩም። ስልኩ ነው።

— ይቆዩ። ቁልፍ የተቀበለ ሰው መዝገባችሁ ላይ ምን ተብሎ ይጻፋል?... የቤቱ ባለቤት። እስኪ ይድገሙልኝ።

— እንግዲያው ይጻፉ። ለአቶ በዳዳ ዋሱ እኔ ነኝ... አዎ፣ ዓይነ ስውሩ። ቁልፉን ሲቀበሉ ቤት አላቸው አይደል? ለወይዘሮ ዲንቄ እሳቸው ዋስ ይሆናሉ። ለሙሉነሽ ደግሞ ዲንቄ። እንዲህ እያልን አሥራ ሁለት እንሞላለን።

— የሚከለክል አንቀጽ ካለ ያንብቡልኝ። እጠብቃለሁ...

— የለም? እኮ። ነገ ሦስት ሰዓት ሁላችንም እንመጣለን። ቁልፎቹን ከመሳቢያው አውጥተው ይጠብቁን፤ አለዚያ ቢሮዎ ደጃፍ እናድራለን።

— አይዝጉት፣ አቶ በዳዳ እዚሁ አጠገቤ ናቸው፣ አንድ ነገር ጠይቂልኝ ይላሉ... ምን አሉ አባባ?... እሺ... ዲንቄ ብትጠፋ እኔ እጠየቃለሁ ወይ ነው የሚሉት።

— ይጠየቃሉ?... አባባ፣ ይጠየቃሉ ይላሉ...

— ይቆዩ፣ የሚሉትን ልስማ።

— ሄሎ፣ አሉ? «ዲንቄን ዐውቃታለሁ፣ የት ትሄዳለች፣ እፈርማለሁ» ብለዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዋስ አምጣ ሲባሉ ነው የኖሩት፤ ዋስ ሁን ያላቸው ሰው የለም።

— ደግሞ ሌላ አለ... ወረቀቱ ላይ ጣቴን የሚያሳርፍልኝ ሰው ይኑር ይላሉ።

— እርስዎ?... እርስዎ ራስዎ ጣታቸውን ይይዙላቸዋል?

— እሺ፣ እነግራቸዋለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አቶ በላይነህ።