የማክሰኞ ኪሎ ሜትር

(አዳማ፣ በጥቅምት መጨረሻ፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ። ልዑልሰገድና ሚስቱ ትርሲት ግቢያቸው ውስጥ፣ ሸራ በለበሰች ባለ ሁለት ወንበር ቢጫ የስፖርት መኪና አጠገብ ቆመዋል፤ እሱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዟል፤ ገዢው ለአሥር ሰዓት ተቀጥሯል።)

ልዑልሰገድ፦ አንድ ፊርማ ናት እኮ ትርሲት። ስምሽን ጻፊ፣ ከሥሩ ጫር አድርጊ፣ አለቀ። ነገ ጠዋት ውልና ማስረጃ አብረን ብቅ ብለን እንመለሳለን።

ትርሲት፦ አልፈርምም አልኩህ። ስንት ጊዜ ልበልህ?

ልዑልሰገድ፦ ምክንያትሽን ንገሪኛ። ሁለት ዓመት ሙሉ ይቺን መኪና ጣውንቴ ስትያት አልነበር? ሸራዋን ሳለብሳት «ብርድ ልብስም ጨምርላት» ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?

ትርሲት፦ ነኝ።

ልዑልሰገድ፦ እናቴ ፊት ሳይቀር «ልጅዎ ሌላ አግብቷል፣ ቢጫ ናት» ብለሽ አሳቅሽብኝ። ይኸው ልፈታት ነው። ደስ አይልሽም?

ትርሲት፦ ለመፍታት ለምን እንደቸኮልክ ነው ያልገባኝ።

ልዑልሰገድ፦ ዋጋ ነዋ። ገበያው አሁን ነው። ስገዛት ወንድሞቼ ምን ነበር ያሉኝ? «ያገለገለች መኪና፣ ሻንጣ እንኳን የማትይዝ፣ ለቅዳሜ መጫወቻ ብለህ» እያሉ ሲስቁብኝ ከረሙ። እኔ ግን ነግሬያቸዋለሁ፣ እንዲህ ያለችው ከተማው ውስጥ ሁለት የላትም፣ ፈላጊዋ አይጠፋም ብዬ። ሁለት ዓመት ተዝናንቼባት፣ አሁን ከገዛሁበት በላይ ልሸጣት ነው። እስቲ እንዲህ ያለ ንግድ የት ታውቂያለሽ? ሱቄ ውስጥ ያለ ሴራሚክ በሁለት ዓመት ይህን አያወጣልኝም።

ትርሲት፦ የካቲት ላይም ዋጋ ነበራት። ያ የድሬዳዋ ሰው እዚሁ ቆሞ ሲለምንህ «ይቺ ከኔ ጋር ነው የምታረጀው» ብለህ መለስከው። ሻይ እንኳን ሳይጠጣ ነው የሄደው።

ልዑልሰገድ፦ ያኔ ሌላ ነበር።

ትርሲት፦ አሁንስ?

ልዑልሰገድ፦ አሁን ገዢው ቁምነገረኛ ነው። ደላላው ሺበሺ ነው ያመጣው። «ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ የተነዳች፣ ከመርከብ ከወረደች አንድ እጅ ብቻ የያዛት» ስንለው ዓይኑ በራ። የዚች መኪና ዋጋዋ እሱ ነው። ቀለሟም አይደለም፣ ሞተሯም አይደለም። ያልተነካች መሆኗ ነው።

ትርሲት፦ አንድ እጅ።

ልዑልሰገድ፦ አዎ፣ አንድ እጅ። የኔ።

ትርሲት፦ እሺ።

ልዑልሰገድ፦ «እሺ» ስትይ ምን ማለትሽ ነው?

ትርሲት፦ እሺ ማለቴ ነው። ፊርማዬ ባያስፈልግህ ኖሮ ግን ትነግረኝ ነበር? ስትገዛት እንደሆነ አልነገርከኝም።

ልዑልሰገድ፦ ስገዛት ላስደንቅሽ ብዬ ነው።

ትርሲት፦ አስደንቀኸኛል። ሺበሺም ትናንት በስልክ ምን እንዳለህ ሰምቻለሁ። እሱ ሲያወራ እንኳን እኔ ጎረቤት ይሰማል። «ወይዘሮዋ እንቢ ካሉ ያላገባ የሚል ወረቀት ይፈለግልሃል» አለህ።

ልዑልሰገድ፦ ተቆጥቼዋለሁ እኮ።

ትርሲት፦ መጀመሪያ ሳቅህ፣ ከዚያ ተቆጣህ።

ልዑልሰገድ፦ ቀልድ መስሎኝ ነው የሳቅሁት። በይ አሁን ነገር አታርዝሚ፣ ሰውየው ይመጣል።

ትርሲት፦ ይምጣ። አንተ መኪና ለዋጋ ብለህ የምትሸጥ ሰው አይደለህም። ያንን የተሰበረ ሬዲዮ እንኳን እስከ ዛሬ ቁምሳጥን ላይ አስቀምጠኸዋል። ሆድህ ውስጥ የያዝከው ነገር አለ፣ አውጣው።

ልዑልሰገድ፦ ምንም የለም።

ትርሲት፦ መስቀል ካለፈ ጀምሮ ራት ላይ ዓይኔን አታየኝም። ምንም የለም ትላለህ።

ልዑልሰገድ፦ እሺ። ኪሎ ሜትሯ አልገጥም አለኝ።

ትርሲት፦ እንዴት አልገጥም አለህ?

ልዑልሰገድ፦ ቅዳሜ ማታ ሳቆማት ቁጥሩን አያለሁ፣ ልማዴ ነው። የዛሬ ስድስት ሳምንት ግድም፣ ቅዳሜ ጠዋት ሸራዋን ገልጬ ብገባ ሃምሳ ሁለት ኪሎ ሜትር ጨምራለች። በሚቀጥለው ሳምንት ሃምሳ አራት። ሸራ ለብሳ፣ እዚሁ ቆማ ትሄዳለች?

ትርሲት፦ ስድስት ሳምንት ሙሉ የያዝከውን ነው ዛሬ የምትነግረኝ?

ልዑልሰገድ፦ መጀመሪያ ዘበኛውን ጠረጠርኩ። ጋሽ ፈይሳ ደግሞ እንኳን መኪና ብስክሌት አይነዱም። ቀጥሎ ወንበሩን አየሁ። ወደ ፊት ተስቧል፣ ስገባ ጉልበቴ መሪው ሥር ተቀረቀረ። ከወንበሩ ጀርባ ደግሞ አቧራ ሞልቶበታል። ጣሪያዋን የከፈተ ሰው አለ ማለት ነው። እኔ በዚህ በአዳማ ንፋስ አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም።

ትርሲት፦ ጣሪያዋ ይከፈታል ብለህ አይደል እንዴ የገዛሃት?

ልዑልሰገድ፦ እንደሚከፈት ማወቁ ይበቃኛል።

ትርሲት፦ እሺ፣ ከዚያስ?

ልዑልሰገድ፦ ከዚያማ ሺበሺ መጣ። እየሳቀ ነው የነገረኝ፣ እንደ ቀልድ። «ማክሰኞ ዕለት ቢጫዋን ሞጆ መግቢያ ላይ አየኋት፣ የሚነዷት ባለቤትህ መሰሉኝ፣ አጠገባቸው ባርኔጣ ያደረገ ሰውዬ ነበር» አለኝ። ሱቁ ውስጥ ደንበኛ እያለ፣ ሠራተኞቼ እየሰሙ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ምን ላድርግ? «አዎ፣ ወንድሟ ነው» አልኩት።

ትርሲት፦ ወንድም የለኝም።

ልዑልሰገድ፦ እሱ አያውቅም።

ትርሲት፦ እና መልስህ መኪናዋን መሸጥ ሆነ?

ልዑልሰገድ፦ ምን ላድርግ ታዲያ?

ትርሲት፦ «ሰውየው ማነው?» ብለህ መጠየቅ ነዋ። ሦስት ቃል አይሞላም።

ልዑልሰገድ፦ ብጠይቅሽ ትመልሽልኛለሽ ብዬ ፈራሁ።

ትርሲት፦ ስለዚህ መኪናዋ ከሄደች ሰውየውም አብሮ ይሄዳል።

ልዑልሰገድ፦ ሁለት ወንበር ናት ትርሲት። ሁለት። አጠገብሽ የተቀመጠ ሰው ክርኑ ይነካሻል። ማርሽ ስትቀይሪ እጅሽ ጉልበቱ ጋ ነው። እኔ አውቃታለሁ እኮ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ይህንኑ ነው ሳስብ የማድረው።

ትርሲት፦ ስድስት ሳምንት ትንሽ ነው። እኔ ሁለት ዓመት አስቤዋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ፣ ዛሬ ያቺ ወንበር ላይ ማን ይቀመጥ ይሆን እያልኩ። ጓደኛህ ብሥራት ተቀምጦባታል። የእህትህ ልጅ ተቀምጦባታል። ካሸርህን ፍሬገነትን እስከ ቢሾፍቱ አድርሰሃታል።

ልዑልሰገድ፦ እናቷ ታማባት ነው።

ትርሲት፦ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ አድርሳት ያልኩህ። ሆዴ ግን አልሰማኝም። እኔን ስንት ጊዜ አስቀመጥከኝ?

ልዑልሰገድ፦ ወገቤን ያመኛል ትያለሽ፣ እሷ ደግሞ መቀመጫዋ መሬት ለመሬት ነው...

ትርሲት፦ አንድ ጊዜ። ጸበል ልናስረጫት የወሰድናት ዕለት። በሩን ከፍቼ ስገባ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ?

ልዑልሰገድ፦ አላስታውስም።

ትርሲት፦ «ጫማሽን አራግፊ።»

ልዑልሰገድ፦ ምንጣፉ አዲስ ነበራ።

ትርሲት፦ አዎ፣ አዲስ ነበር።

ልዑልሰገድ፦ ነገሩን ወደኔ አታዙሪው። ሰውየው ማነው?

ትርሲት፦ በመጨረሻ ጠየቅህ። አቶ እምሩ ይባላል፣ የመንጃ ፈቃድ አሠልጣኜ ነው።

ልዑልሰገድ፦ አንቺ መንጃ ፈቃድ አለሽ?

ትርሲት፦ ነሐሴ ላይ ወጣልኝ። ክረምቱን ሙሉ ሥልጠና አለብኝ እያልኩ ስወጣ የት የምሄድ ይመስልህ ነበር?

ልዑልሰገድ፦ የመምህራን ሥልጠና ነዋ። ሰርተፊኬቱን አሳዪኝ ሳልል ቀረሁ። ስንት ዓመቱ ነው ሰውየው?

ትርሲት፦ ጡረታ ወጥቷል።

ልዑልሰገድ፦ ጡረታ የወጣ ሰው ሰው አይደለም? እጁን መሪው ላይ ያስቀምጣል?

ትርሲት፦ ሦስት ማክሰኞ አጠገቤ ተቀመጠ። ትምህርት ቤት የጠዋት ፈረቃ ስለሆንኩ ከሰዓት ነፃ ነኝ። በሦስተኛው ቀን ሞጆ ስንደርስ አስቆመኝና ወረደ። «ወይዘሮ ትርሲት፣ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ የማደርገው የለም፣ በሚኒባስ እመለሳለሁ» አለኝና ባርኔጣውን አንስቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

ልዑልሰገድ፦ ቁልፉንስ ከየት አገኘሽው? ደብቄው ነበር።

ትርሲት፦ የሠርግ ሱፍህ ኪስ ውስጥ። ሃያ ሁለት ዓመት ያንን ሱፍ የማናፍሰው እኔ አይደለሁ?

ልዑልሰገድ፦ አይ አንቺ። እና መኪናዋን ምንም አላደረግሻትም?

ትርሲት፦ ፍሪሲዮኑን አቃጥዬዋለሁ።

ልዑልሰገድ፦ ምን?

ትርሲት፦ መስከረም ላይ፣ ዳገት ስወጣ እግሬን ከፔዳሉ ሳላነሳ። ሽታው ሲመጣ የመንገድ ዳር ቆሻሻ የሚያቃጥሉ መስሎኝ ነበር። አስጎትቼ ጋራዥ አስገባሁ፣ ዕቁብ ደርሶኝ ስለነበር አንተ ከሱቅ ሳትመለስ አስቀየርኩት። ያን ቅዳሜ ነድተሃት ስትመለስ ምን አልከኝ? «ይቺ መኪና እየዋለች እንደ ቅቤ ትለሰልሳለች፣ አያያዜን ስለወደደችው ነው» አልክ።

ልዑልሰገድ፦ ለገዢው እኮ ፍሪሲዮኑ ከፋብሪካ እንደመጣ ነው ብዬዋለሁ። በእናቴ ስም ምዬ።

ትርሲት፦ ቅድም እሺ ያልኩህ ለዚህ ነው።

ልዑልሰገድ፦ አይ ጉዴ። ለካ ይህን ሁሉ ያደረገችው የኔ ሚስት ብቻዋን ነች። ስድስት ሳምንት እንቅልፍ ያጣሁት በአንድ ጡረተኛ ነው። ወይኔ ትርሲት፣ ደረቴ ላይ የተቀመጠ ነገር ተነሳልኝ። በይ ወረቀቱን ተይው። ለሺበሺ እደውላለሁ፣ ሽያጩ ቀርቷል እለዋለሁ።

ትርሲት፦ ጥሩ።

ልዑልሰገድ፦ ከዚህ ቅዳሜ ጀምሮ ደግሞ አብረን ነን። አንቺ ትነጃለሽ፣ እኔ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ጫማዬን አራግፌ።

ትርሲት፦ አይሆንም።

ልዑልሰገድ፦ እሺ፣ እኔ ልንዳ?

ትርሲት፦ አብረን መሆኑ ነው የማይሆነው፣ ልዑሌ።

ልዑልሰገድ፦ ምን ማለት ነው እሱ?

ትርሲት፦ እኔ ሁለት ዓመት በመኪናዋ የቀናሁ መስሎኝ ነበር። እሷን ስታጥባት፣ ስትወለውላት፣ አንጀቴ ሲቃጠል፣ እንደሷ ባደረገኝ እል ነበር። ብቻዬን መሪውን የያዝኩ ቀን ነው የገባኝ። የቀናሁት ባንተ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ቁልፍህን አንስተህ፣ የት ነው ሳትባል፣ ስመለስ ምን ልግዛ ሳትል፣ እያፏጨህ ከዚህ ግቢ ትወጣለህ። እኔ ሃያ ሁለት ዓመት ያለ ምክንያት ከዚያ በር ወጥቼ አላውቅም። ወይ ትምህርት ቤት ነው፣ ወይ ገበያ ነው፣ ወይ ለቅሶ ነው። ያለ ምክንያት መውጣት እንዴት እንደሚያምር ማንም አልነገረኝም።

ልዑልሰገድ፦ ሞጆ ምን አለ?

ትርሲት፦ ምንም የለም። ከተማው ከመድረሱ በፊት አንድ ዛፍ አለ፣ ከሥሩ አቆማለሁ። ጣሪያዋን እከፍታለሁ። ብርቱካን ይዤ እሄዳለሁ፣ ልጬ እበላለሁ። የጭነት መኪና ሾፌሮች ሲያልፉ ጡሩምባ ይነፉልኛል።

ልዑልሰገድ፦ ይነፉልሻል?

ትርሲት፦ ለመኪናዋ ነው።

ልዑልሰገድ፦ ከዚያስ?

ትርሲት፦ ተነስቼ እመለሳለሁ።

ልዑልሰገድ፦ ከማን ጋር ታወሪያለሽ?

ትርሲት፦ ከማንም ጋር አላወራም።

ልዑልሰገድ፦ በስልክስ?

ትርሲት፦ አጠፋዋለሁ።

ልዑልሰገድ፦ አንድ ሰው ዛፍ ሥር ብቻውን ቁጭ ብሎ ምን ያስባል? ስለ ልጃችን ነው? ጅማ ናት፣ ትናፍቅሻለች። ወይስ ስለ ቤቱ፣ ስለኔ?

ትርሲት፦ እውነቱን ልንገርህ?

ልዑልሰገድ፦ ንገሪኝ።

ትርሲት፦ እዚያ ሆኜ አንድም ቀን አስቤህ አላውቅም። ባለፈው ማክሰኞ ልሞክር ብዬ ነበር፣ ብርቱካኑን ስልጥ ረሳሁት።

ልዑልሰገድ፦ ከዚህስ ሰውየው ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ትርሲት፦ አውቃለሁ። ለዚህ ነው ያልነገርኩህ።

ልዑልሰገድ፦ ፈርሚ ትርሲት። እባክሽ። ጥሩ ዋጋ ነው፣ በእሱ ሌላ እንገዛለን፣ አራት በር ያላት፣ ሁላችንን የምትይዝ። አንቺን እያሰብኩ ማክሰኞ ማክሰኞ ሱቅ ውስጥ እንዴት ልቀመጥ ነው?

ትርሲት፦ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እንደተቀመጥኩት።

ልዑልሰገድ፦ በሩ ተንኳኳ። እሱ ነው፣ ገዢው።

ትርሲት፦ እንግዲያው ሂድና ክፈትለት። ደግሞ «አልሸጥም» እንዳትለው፤ «ሚስቴ አልሸጥም ብላለች» በለው።