ውዱ ዘይት ለአራሷ ቮልስ

ከደብረ ታቦር ወደ አንበሳሜ ስንወጣ ሚኒባሱ ውስጥ ሹፌሩ፣ ከጀርባው የሞተር ዘይት ያቀፉ አንድ ሽማግሌ፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሚቱ፣ ከኋላቸው ደግሞ እኔ ነበርን። ሌላው ወንበር ገና አልሞላም።

«አባቴ፣ ዘይቱ ለምን መኪና ነው?» አለ ሹፌሩ በመስታወት እያያቸው።

«ለቮልሴ። ሞተሯ ወርዶ እንደ አዲስ ተሠራላት። ባለሱቁን ውዱን ሲንተቲክ ስጠኝ አልኩት።»

«አራስ ናት፣ ደህና ነገር ትቅመስ ይላሉ» አሉ ወይዘሮ ዘሚቱ። «እኔ ስወልድ እንኳ እንዲህ አልተሯሯጡም።»

«ዋሸሽ! ሙክቱን ማን አመጣልሽ?»

ሹፌሩ ሳቀ። «አባቴ፣ ፒስተኑ ላይ ያለው አዲስ ቀለበት፣ ፋሻ የምንለው፣ መጀመሪያ ከሲሊንደሩ ጋር ትንሽ መፋተግ አለበት። ይሄ ዘይት በጣም ያንሸራትታል። ፋሻው በደንብ ሳይገጥም ይቀርና ሞተሩ ዘይት ይበላል። ለጊዜው ተራውን ያድርጉ፤ ትንሽ ከነዱ በኋላ ይቀይሩታል።»

ሽማግሌው ዘይቱን አገላብጠው አዩት።

«ዘሚቱን ነገ ጣራ ገዳም አደርስሻለሁ ብያታለሁ። የተሞሸረችባት መኪና ናት፤ ስድስት ዓመት ቆማ ነበር።»

«ጣራ ገዳም የትም አይሄድ» አሉ ወይዘሮ ዘሚቱ። «እኛስ የመጀመሪያውን ዓመት ስንነታረክ አይደል የከረምነው? ይነሡ፣ ተመልሰን እንቀይረው።»

«ወራጅ አለ!» አሉ ሽማግሌው።

መኪናው ቆመ።

«ዘይቱን ለኔ ይስጡኝ፤ አንቱ እኔን ይያዙ» አሉ ወይዘሮ ዘሚቱ።

እኔም ቦርሳዬን ከጭኔ አንሥቼ ለቀውት በሄዱት ወንበር ላይ አስቀመጥኩት።