ሸሚዜ ከማን ጋር እንደዋለ

ሶልቬግ! ግቢ ግቢ፣ በረዶውን አራግፊና ግቢ። ይቺኛዋ የልብስ ማድረቂያ ባዶ ናት፣ ነይ እዚህ ጋ። ቅዳሜ ቀን የዶርሙ ምድር ቤት እንዲህ ጭር ሲል አይተሽ ታውቂያለሽ? ሁለታችን ብቻ ነን እኮ... እ? እሷ? ተያት፣ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋለች፣ አትሰማንም። ሽቦው ከምንም ጋር ባይሰካም...

ይልቅ ይህን ሸሚዝ እዪልኝ። ምን ቀለም ትይዋለሽ? ጠዋት ነጭ ነበር። አዎ፣ የመዘምራኑ ነው! ማታ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ አርባ ሰው ነጭ ለብሶ ይቆማል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን የምትዘምረው ደግሞ ሮዝ ሆና ወደፊት ትወጣለች። አባቴ ከፋርጎ ከተማ ድረስ እየነዳ ነው።

እንዴት ሆነ አልሽ? በደግነት ነዋ! ልብሴን ማሽኑ ውስጥ ጨምሬ፣ ሳሙና ረስቼ ላመጣ ፎቅ ወጣሁ። ስመለስ ማሽኑ ይዞራል። አንዲት ደግ ልጅ አዲሱን ቀይ ሹራቧን ከነጭ ልብሶቼ ጋር ደባልቃ፣ ሳሙናውንም ከራሷ አድርጋ፣ በፍል ውሃ አስነስታልኛለች። ለምን መሰለሽ? ውሃ እንዳይባክን! የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሊቀመንበር እኮ ናት። የሚኒሶታ ሐይቆች በሙሉ ተርፈዋል፤ የቀላሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አልተናደድኩም! እንዲያውም ጉብዝናዋ ገርሞኛል። በአስራ ዘጠኝ ዓመት ማሽን ነክቶ ማወቅ ቀላል ነው? እስከ ዛሬ በየሁለት ሳምንቱ ከረጢቷን አዝላ እናቷ ጋ ትሄድ ነበር፤ ካልሲው ሳይቀር ተጠቅልሎ፣ ከኩኪስ ጋር ይመለሳል። ሰው ተሳስቶ ነው የሚማረው... በሌላ ሰው ልብስ ሲሆን ደግሞ አይጎዳም።

ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር... አልጨርሰውም፣ ሰው አለ። ሸሚዜ ግን ከማን ጋር እንደዋለ ያስታውቃል አይደል?

ይቅርታ? ኧረ የምን ይቅርታ! “ሮዝ ያምርብሻል” አለችኝ እኮ፣ ምን ቀረ? አንድ ክፍል አብረን እያደርን፣ ባመመኝ ጊዜ ሾርባ ያመጣችልኝ ልጅ... እውነቴን ልንገርሽ ሶልቬግ፣ አንዲት “ይቅርታ” ብትለኝ እየሳቅኩ እለብሰው ነበር። እሱ ነው የከነከነኝ፣ ሸሚዙስ ጨርቅ ነው።

ውይ፣ ልትወጣ ነው መሰለኝ... ፊቷስ ምነው ቀላ? የማድረቂያው ሙቀት ይሆናል። እንዳትቸኩል በያት፣ ስለ እሷ ማን አወራ?

ብቻ ያቺን ደግ ልጅ እግዜር ይባርካት። መልካም ትዳር ይስጣት፣ ነጭ ቬሎ ለብሳ ያሳየን። አሜን በይ እንጂ! በሠርጓም ዋዜማ ያንን ቬሎ ተሽቀዳድማ የምታጥብላት፣ ልክ እንደ ራሷ ያለች አሳቢ ጓደኛ አያሳጣት።