በባንኩ በር ላይ አልቆምም

ዱባይ፣ ከቀትር በኋላ፤ ትብለጥ ይመር የምትነዳትን የሴቶች ታክሲ ከአንድ ትልቅ ባንክ ፊት ለፊት አቁማ ከመሪው አልነሳም ብላለች፤ ከኮምቦልቻ ሊጠይቃት የመጣው ታላቅ ወንድሟ መምህር ሰይፉ ኮቱን በአንድ እጁ፣ ስልኩን በሌላው ይዞ በመስኮቱ ጎንበስ ብሏል።

ሰይፉ፦ ሦስተኛዬ ነው ስለምንሽ። ይኼን ኮት ደርቢና እበሩ ላይ ቁሚ።

ትብለጥ፦ በዚህ ሙቀት ኮት? ሰዉ አበደች ይለኛል።

ሰይፉ፦ አንድ ፎቶ እስካነሳሽ ነው። ዩኒፎርሙን ይሸፍንልሻል።

ትብለጥ፦ ዩኒፎርሜ ምን ሆነ? ጠዋት ተኩሼ ነው የለበስኩት።

ሰይፉ፦ አንቺ ልጅ፣ ምናለ ታላቅሽን አንድ ቀን እንኳ ብትሰሚ?

ትብለጥ፦ አሥራ ስምንት ቀን ሰማሁህ እኮ ጋሼ። አልጋዬን ለቅቄልህ ወለል ላይ ነኝ። አብራኝ የምትኖረው ልጅ ለአንተ ብላ ጓደኛዋ ጋ ገብታለች። ከሥራ ወጥቼ ፎቁን አሳየሁህ፣ ባሕሩን አሳየሁህ፣ ለልጆችህ ጫማ ስናማርጥ ዋልን። ደከመኝ ብዬሃለሁ? ግን ገብቼበት የማላውቀው ባንክ በር ላይ ምን ነኝ ብዬ ነው የምቆመው?

ሰይፉ፦ ለአባባ ሙት ዓመት መጽሔት እያሳተምኩ ነው። ከላይ የሱ ፎቶ፣ ከሥር የእኛ።

ትብለጥ፦ እንግዲያው ከታክሲዬ ጋር አንሳኝ።

ሰይፉ፦ አይሆንም።

ትብለጥ፦ ለምን?

ሰይፉ፦ አይሆንም አልኩ።

ትብለጥ፦ ጋሼ፣ ምን ሠርተሃል?

ሰይፉ፦ ምን እሠራለሁ። የቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪኩን ሳነብ «ልጃቸው ትብለጥ በዱባይ የባንክ ሥራ አስኪያጅ ናት» ብያለሁ።

ትብለጥ፦ በአባዬ ሬሳ ፊት?

ሰይፉ፦ የልጄ አማቾች ከወልዲያ በሁለት መኪና መጥተው ቆመው ነበር። ምን ልበል? ሴት ልጃቸው የሰው አገር ታክሲ ትነዳለች ልበል?

ትብለጥ፦ አዎ። እንደሱ ነው የሚባለው።

ሰይፉ፦ ለአንቺ ቀላል ነው። እዚህ ማን ያውቅሻል? ከሰው ጋር የምኖረው እኔ ነኝ። እድሩም እኔ ላይ፣ ሠርጉም እኔ ላይ።

ትብለጥ፦ ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ።

ሰይፉ፦ አትተርቺብኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አይመለስም። ይቺ ፎቶ ብትኖር ነገሩ እዚሁ ያልቃል።

ትብለጥ፦ ቆይ እስቲ። አባዬንስ ምን አድርገህ ጻፍከው?

ሰይፉ፦ ምን አደርገዋለሁ?

ትብለጥ፦ አንብብልኝ። ስልክህ ውስጥ አለ፤ የጻፍከውን እንደማትጥል አውቃለሁ።

ሰይፉ፦ «አቶ ይመር በትራንስፖርቱ ዘርፍ በልዩ ልዩ የኃላፊነት ቦታዎች አገራቸውን አገልግለዋል።» ይኸው። ምን ይወጣለታል?

ትብለጥ፦ ልዩ ልዩ ቦታው የት ነው? ባቲ ቁልቁለቱ ላይ ነው ወይስ ሚሌ? ሃያ ስድስት ዓመት በአሰብ መስመር ተሳቢ የጎተተ ሰው ነው። ሹፌር የምትል ቃል ጠፋችህ?

ሰይፉ፦ ላከብረው ብዬ ነው።

ትብለጥ፦ ያለውንም ክብር ነጠቅከው። ደብተር የገዛልህ፣ መምህር ያደረገህ ያ መሪ ነው። አሁን ቾክ የያዘ እጅህ ናፍጣ በነካው እጅ አፈረበት።

ሰይፉ፦ እሱ ራሱ «ልጄ እንደኔ መንገድ ላይ አይቅር» ይል አልነበር?

ትብለጥ፦ ለአንተ ነዋ ያለው፤ ገና ከከተማ ሳትወጡ ስለምታስመልስ። እኔን ጭኑ ላይ አስቀምጦ መሪ አስይዞኛል። እዚህ ታክሲ የጀመርኩ ዕለት ደውዬ ብነግረው አለቀሰ፣ ታውቃለህ? ከዚያ ወዲህ ሲደውል ከጤናዬ በፊት የሚጠይቀኝ ጎማዬን ነበር። እሱን ክጄ የሰው ባንክ ተደግፌ ልነሳልህ? ሞቼ ነው።

ሰይፉ፦ እኔን ግን አዋረድሽኝ።

ትብለጥ፦ እኔ አላዋረድኩህም። እዚያ መቃብር ላይ አልነበርኩም፣ ከሥራ ፈቃድ ተከልክዬ እዚህ መሪ ላይ ሳለቅስ ነበር። ያነበብከው አንተ ነህ።

ሰይፉ፦ ደህና። ያለ አንቺ ፎቶ ይታተማል። ታሪኩንም በሙት ዓመቱ ዕለት እንደጻፍኩት አነበዋለሁ፤ የበኩር ልጅ እኔ ነኝ። ከመጣሽም ነጠላሽን አዘቅዝቀሽ ዝም ብለሽ ትቀመጫለሽ።

ትብለጥ፦ አንብብ። እኔ አልከለክልህም።

ሰይፉ፦ እንዲህ በቀላሉ?

ትብለጥ፦ ሰዉን ከቤተ ክርስቲያን ወደ ቤት በምን ነው የምትወስደው?

ሰይፉ፦ በእሸቱ አውቶቡስ ነዋ። የአባባ ረዳት የነበረው፣ ዛሬ ባለንብረት ሆኗል። ለጋሽ ይመር ብሎ በነፃ ሰጠን። ምነው?

ትብለጥ፦ ባለፈው ሳምንት ደውዬለት ነበር። ያንተን ጉድ ሳላውቅ፣ ለአባዬ ብዬ። አንተንም ድንገት ስታየው ደስ ይልሃል ብዬ ነው የደበቅኩህ።

ሰይፉ፦ ምን ብለሽ ነው የደወልሽው?

ትብለጥ፦ የሕዝብ መንጃ ፈቃዴን ያስወጣኝ አባዬ ነው፣ እስከዛሬም አሳድሰዋለሁ። የዚያን ዕለት የአውቶቡሱን ቁልፍ ለእኔ ሊሰጠኝ ቃል ገብቶልኛል። እና አንተ አንብበህ ስትጨርስ አማቾችህን ከፊት ወንበር አስቀምጥልኝ፤ የባንክ ሥራ አስኪያጇ ራሷ ነድታ ታደርሳቸዋለች።