የአቶ ይርዳው አውሮፕላን ማረፊያ

ቤተ ልሔም ምስክሬ! ለቀስተኞች ሆይ፣ የምትሰሙትን አታምኑትም፤ እንኳን እናንተ፣ ድንጋዩን በደቦ የለቀምን እኛም ገና አላመንንም።

አቶ ይርዳው ክንዱ ከአባታቸው ከአቶ ክንዱ ሰውነትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ትርሲት አለበል በስማዳ፣ ከወገዳ ግማሽ ቀን በሚያስኬድ መንደር ተወለዱ። ዳዊት እንዲደግሙ ወደ ቤተ ልሔም ደብር ቢላኩም፣ ከፊደሉ ይልቅ የደብሩን ማሳ ሲያዩ እየዋሉ ስላስቸገሩ መምህራቸው ከነአኮፋዳቸው ወደ ሞፈሩ መለሷቸው። ከወይዘሮ ተዋበች ጋር በተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

በ2008 ዓ.ም. መስከረም፣ ሰብል ከላይ የምትቃኝ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ጉም መንገዱን ቢዘጋባት፣ እንደ ደከማት ቆቅ ሳይታረስ ባደረው መሬታቸው ላይ ዘፍ አለች። ጉሙ ሲገለጥ አብራሪው በቤታቸው ስላስጠለሉት ለውለታቸው አሳፍሮ ገብሳቸውን ከሰማይ አሳያቸው። ከዳር ሲያዩት አረንጓዴ የነበረው ገብስ፣ ለካ መሐሉ ውሃ ቋጥሮ አውድማ የሚያህል ቢጫ ሆኖ ኖሯል። ወርደው የውሃ መውረጃ ፈሰስ ቢያወጡለት ዳነ፤ ምርቱም ሳይጋነን ጎተራ ጠብቦት ጋን፣ ጋን ጠብቦት ጫማ ውስጥ ሳይቀር ተሰፈረ።

አብራሪው «በየመስከረሙ እመለሳለሁ» ብሎ ሄደ። አቶ ይርዳውም ያን ሁለት ጥማድ መሬት ሞፈር ሳያስነኩ፣ በየነሐሴው ደቦ ጠርተው ድንጋዩን እያስለቀሙ፣ ለነፋስ ምልክት ጋቢያቸውን ባሕር ዛፍ ላይ ሰቅለው በብርድ እየተንቀጠቀጡ ዐሥር ዓመት ጠበቁ። የለቀምነው ድንጋይ ንፋስ መውጫ ከተማን ዙሪያዋን ባጠረ ነበር። ወይዘሮ ተዋበች «አንቱ፣ እሷ እንቁላል እስክትጥልልዎ እኛ ምን እንብላ?» ቢሉ ሰሚ አላገኙም።

ዘንድሮ ሳንባቸውን ታመሙ። መንገዱን ጎርፍ ቆርጦት መኪና አልገባ፣ ወንዙ ሞልቶ ቃሬዛ አላሳልፍ ቢል፣ የምናደርገው ጠፍቶን እርሳቸው እንዳሉን ሜዳው ዳር አኖርናቸውና ሁላችን አንጋጠን ሰማይ ስናይ ዋልን። ከሰዓት በኋላ አንዲት አውሮፕላን ከዝንብ አንሳ በላይ አለፈች። አቶ ይርዳው እጃቸውን ጥቂት አነሱ፤ በስልሳ ሰባት ዓመታቸውም እዚያው ዐረፉ።

ባለቤታቸውን፣ ልጆቻቸውን ፅጌረዳን፣ ናትናኤልንና ህይወትን፣ ሁለት በሬና አንድ አውሮፕላን ማረፊያ ትተዋል። ሁሉን ከላይ የሚያይ አምላክ ነፍሳቸውን ጉም በማይዘጋው ስፍራ ያሳርፍልን፤ አሜን በሉ።

አውሮፕላኗ ልትሰወር ስትል፣ እኛ ባለንበት ቆመን ሳለ፣ ያን ሜዳ ዐሥር ዓመት ሲረግሙት የኖሩት ወይዘሮ ተዋበች ግን መሐሉ ድረስ ሮጠው፣ ነጠላቸውን እያውለበለቡ ጮኹ፦

«ኧረ ዝቅ በይ፣ አንቺ! ድንጋዩ ተለቅሟል እኮ!»